ዋጮና ቆጣሪው

«ይሄ ወረቀት የኛ አይደለም!» አለች እናት በሩን በእግሯ እየዘጋች። «የሆነ ፋብሪካ ሒሳብ ነው። ተሳስተው ነው የሰጡኝ።»

አባዢ ወረቀቱን ተቀብላ አየችው። የእናቷ ስም አለበት። የቤታቸውም ቁጥር አለበት። ከታች የተጻፈው የመብራት ሒሳብ ግን ካለፈው ወር እጥፍ ነበር፤ ያለፈው ወር ራሱ ከዚያ በፊቱ ወር እጥፍ ሆኖ ጉድ ሲያሰኝ ሰንብቷል። ለአንድ ክፍል ተኩል ቤት! የቤቱ ዕቃ ቢቆጠር አንድ ፍሪጅ፣ አንድ ካውያ፣ አንድ የስፌት መኪና፣ ሦስት አምፖል፣ ላዩ ጠቁሮ ዜና አንባቢው ከአፍንጫው በታች ብቻ የሚታይበት አንድ ቴሌቪዥን ነው። መታጠቢያ ቤት የተሰቀለው የውሃ ማሞቂያም አለ፤ እሱም ቢሆን ከእሁድ እሁድ እንጂ አይበራም።

«ካውያውን ሰክቶ የሚተወው ማነው?»

«እኔ አይደለሁም!»

«ማሞቂያውንስ ተደብቆ የሚያበራው?»

«እማዬ ሙቺ ስልሽ...»

«እኔን አትግደይኝ! አንቺ ስትምዪ ነው ይበልጥ የምፈራው።»

እናት አልተሳሳተችም። አባዢ አሥራ አራት ዓመቷ ነው፤ ስሙን ያወጣላት የሒሳብ መምህሯ ነው። «በማባዛት ከክፍሉ አንደኛ ነሽ፤ ችግሩ ከደብተርሽ ውጪም ማባዛትሽ ነው» ብሏት ስሙ ተጣብቆባት ቀረ። በእሷ ጆሮ አይጥ ሆኖ የገባ ነገር ከአፏ ጎሽ ሆኖ ይወጣል። አንዴ ደረጃው ላይ ድመት አይታ ለጎረቤቱ ሁሉ ስለተናገረች፣ የአራተኛ ፎቅ ሰዎች ሁለት ቀን ሙሉ ቆሻሻ ለመጣል ሳይወርዱ ቀርተዋል። ነብሩ እስኪሄድ።

እናት ወረቀቱን አጥፋ ከስፌት መኪናዋ ሥር ሸጎጠችው። ድምፅዋ ዝቅ አለ፤ ዝቅ ሲል ነው የሚያስፈራው። «የሚቀጥለው ወርም እንዲህ ከመጣ መኪናዋን እሸጣለሁ። ሌላ የሚሸጥ የለኝም።»

አባዢ መኪናዋን አየቻት። አባት በሌለበት ቤት አባወራዋ እሷ ነበረች። ስታንኳኳ ዳቦ አለ፤ ዝም ካለች የለም።

እናት የተሰፉትን የተማሪ ዩኒፎርሞች በከረጢት አንጠለጠለች። «ይሄን አድርሼ እመለሳለሁ። ስመለስ ወላቄን ገላውን አጥበዋለሁ። አንገቱን አይተሽዋል? ድንች ያበቅላል!»

ወላቄ ማለት ታናሽ ወንድሟ ነው፤ ስድስት ዓመቱ፤ የፊት ጥርሶቹ ባንድ ሳምንት ተከታትለው የወለቁ። «ገላውን» የሚለውን ቃል ሲሰማ ጠረጴዛው ሥር ገባ። እናት ከወጣች በኋላም አልወጣም።

«ና ውጣ፣ አንተ ፈሪ!»

«ዋጮ አለ» አለ ከሥር።

አባዢ ሳቋን ዋጠች። ዋጮን ማን እንደወለደው ከእሷ በላይ የሚያውቅ የለም።

የተወለደው ከወር በፊት ነው። ማሞቂያው የሚያሞቀው ውሃ ለአንድ ሰው ከግማሽ ይበቃል፤ ግማሿ ሁልጊዜ እሷ ነበረች። እናም ወንድሟን አልጋ ላይ አስቀምጣ እንዲህ አለችው፦ ከመታጠቢያ ቤቱ ግድግዳ ጀርባ ዋጮ የሚባል ፍጥረት አለ። ምግቡ መብራት ነው። ጥርሱ ምስማር፣ ጢሙ ሽቦ። ትንሽ ልጅ ቧንቧ ሲከፍት በውሃው ውስጥ መጥቶ ጣቱን ይቀምሳል። ከዚያች ቀን ጀምሮ ሙቁ ውሃ ሁሉ የእሷ ሆነ።

ከሳምንት በኋላ ወላቄ እጁን ብብቱ ሥር ወትፎ፣ ከንፈሩ ነጥቶ ከመታጠቢያ ቤት ወጣ። «ነከሰኝ» አላት።

አባዢ በደስታ ልትፈነዳ ነበር። ተረቷ ጥርስ አወጣ! «እንዴት አድርጎ?»

«እንደ ጉንዳን። ብዙ ጉንዳን። እስከ ክርኔ ድረስ።»

«አዎ፣ ገና ሕፃን ስለሆነ ነው። ሲያድግ እስከ ትከሻ ነው የሚመጣው።»

ይሄ ከሆነ ሦስት ሳምንቱ ነው። ከዚያ ወዲህ ወላቄ «እኔ ትልቅ ሰው ነኝ፣ ብቻዬን እታጠባለሁ» እያለ ይገባል፤ ከወጥ ቤት ባልዲ በኩባያ በቀዳው ውሃ ፀጉሩን ብቻ አርሶ ይወጣል። ድንቹም የበቀለው በዚህ ምክንያት ነው።

አባዢ አሁን ለዋጮ ጊዜ አልነበራትም። መኪናዋ ከመሸጧ በፊት መብራቱን የሚበላውን ማግኘት አለባት። ሌባ ያስፈልጋታል፤ ሌባው ደግሞ እሷ መሆን የለባትም። ምድር ቤት ወዳለው የጥገና ሱቅ ወረደች።

ጋሽ ቴስተር ሬዲዮ፣ ካውያና የሰው ስልክ የሚጠግን ሽማግሌ ነው። ቴስተሩን፣ ማለትም መብራት ያለበትን ሽቦ ሲነካ እጀታው ውስጥ ያለችው አምፖል የምትበራውን ካቻቪቴ፣ ከደረት ኪሱ ለይቶት አያውቅም። ለቅሶ ቤትም ይዞት ይሄዳል። ጉልበቱ ደረጃን ከተጣላ ዓመታት አልፈዋል፤ የተበላሸ ነገር ወደ እሱ ይወርዳል እንጂ እሱ ወደላይ አይወጣም።

«ጋሼ፣ ከኛ በላይ ያለችው ሴትዮ መብራታችንን ትሰርቃለች! በመስኮት ሽቦ ስታወርድ በዓይኔ አይቻለሁ።»

«በዓይንሽ?»

«...በግማሽ ዓይኔ።»

«እሺ፣ ግማሽ ዓይን። ስሚኝ።» መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቀለ። «ቤት ያለውን ሁሉ ንቀዪ። ማብሪያ ማጥፊያውን ሁሉ አጥፊ። ከዚያ ውጪና ቆጣሪውን እዪ። መስታወቱ ውስጥ ቀይ ምልክት ያላት ክብ ሳህን አለች። ከቆመች የምትበሉት እናንተው ናችሁ። ሁሉ ጠፍቶ ከዞረች ግን ሌላ የሚበላ ነገር አለ።»

«ከዞረችስ?»

«ሥር ያሉትን ብሬከሮች አንድ በአንድ አውርጃቸው። የትኛው ላይ እንደቆመች መጥተሽ ትነግሪኛለሽ። እጅሽ ደረቅ ይሁን! ሌላ ምንም አትንኪ። ምንም!» ከዚያ ሳቀ። «ቆጣሪ እኮ ጥሩ ነው፤ እንዳንቺ አይጨምርም።»

ሦስተኛ ፎቅ ተመለሰች። ፍሪጁን ነቀለች፤ እንደ ሽማግሌ ተንቀጥቅጦ ዝም አለ። መኪናዋን፣ ካውያውን፣ ቴሌቪዥኑን ነቀለች። አምፖሎቹን አጠፋች። ሰማዩ ዝናብ ስላዘለ ቤቱ በቀን ጨለመ። ከጠረጴዛው ሥር የወላቄ ዓይኖች ብቻ ያበራሉ።

«ምን እያደረግሽ ነው?»

«ሌባ እያጠመድኩ።»

የቆጣሪው ሳጥን ከበራቸው ጎን፣ ደረጃው ላይ ነው። የለስላሳ ሳጥን ገልብጣ ወጣችበትና ፊቷን ወደ መስታወቱ አስጠጋች።

ሳህኗ እየዞረች ነው።

አባዢ ዓይኗን ጠረገች። ቀዩ ምልክት ከግራ መጣ፤ በቀኝ ጠፋ። አሥራ አንድ ስትቆጥር ተመልሶ መጣ። እንደገና ቆጠረች። አሥራ አንድ። ከኋላዋ ቤቱ በድን ሆኗል፤ የምትሰማው ድምፅ የራሷ ትንፋሽና የመታጠቢያ ቤቱ ቧንቧ ጠብታ ብቻ ነው። ምልክቱ ግን የቸኮለ ሰው ይመስል ይመጣል፣ ይሄዳል፣ ይመጣል።

ምግቡ መብራት ነው።

በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ የራሷ ውሸት ከኋላዋ ቆሞ አንገቷ ላይ የተነፈሰባት መሰላት። ዘወር አለች። ማንም የለም። የተሰበረው የደረጃ መስኮት በነፋስ ሲጥ ይላል።

እጇን በቀሚሷ ጠርጋ የመጀመሪያውን ብሬከር አወረደች። የአምፖሎቹ ነው። ሳህኗ ትዞራለች። ሁለተኛውን፣ የሶኬቶቹን አወረደች። ትዞራለች። በሦስተኛው ጎን አንድ ሰው በጠመኔ «መታጠቢያ» ብሎ ጽፏል። አወረደችው።

ሳህኗ እንደ ተያዘ ሌባ ቀጥ አለች።

ከፍ አደረገችው፤ ዞረች። ዝቅ፤ ቆመች። ከዚያ እናቷ ሳጥኑን መነካካቷን እንዳታውቅባት ሁሉንም እንደነበሩ መለሰቻቸውና ወደ መታጠቢያ ቤት ገባች።

ማሞቂያው ግድግዳው ላይ ነጭ ሆድ እንዳለው ሰውዬ ተንጠልጥሏል። ማጥፊያው ጠፍቷል። ቀይዋም መብራት የለችም። መዳፏን ሳታስነካ ወደ ሆዱ አቀረበችው። ትኩስ ነው። ትኩሳት እንደያዘው ሰው ይጋላል። መጨረሻ የበራው እሁድ ነው፤ ዛሬ ቅዳሜ ነው።

ከታች ቧንቧው ጠብ፣ ጠብ ይላል። እጇ በራሱ ጊዜ ሊያጠብቀው ተዘረጋ። «ምንም!» ያለው የጋሽ ቴስተር ድምፅ ጆሮዋ ላይ አቃጨለ። እጇን ሰበሰበች።

«አየሽው?» አለ ወላቄ ከጠረጴዛው ሥር።

«ማንን?»

«ዋጮን።»

«ዝም በል! እዚያው ቆይ፤ መጣሁ።» ድምፅዋ የሌላ ሰው ሆነባት።

ሱቁ ደጃፍ እንደደረሰች እናቷ ባዶ ከረጢቷን ይዛ ከዝናቡ ሮጣ ገባች። «እዚህ ምን ትሠሪያለሽ? ልጁን ብቻውን ትተሽው?»

«አሁን መጣሁ እማዬ፣ አንድ ደቂቃ...»

እናት እያጉረመረመች ደረጃውን ወጣች። አባዢ ለጋሽ ቴስተር ያየችውን ሁሉ ነገረችው። መጀመሪያ ፈገግ እያለ ነበር የሚሰማት። «ጠፍቶ ትኩስ ነው» ስትል ግን ፈገግታው ወረደ፤ በእጁ የያዘውን መበየጃ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ።

«ይሄን እየጨመርሽ አይደለም?»

«አልጨመርኩም።»

«በዚህ ሰሞን ቤታችሁ ውሃ ሲነካ የነዘረው ሰው አለ?»

«የለም» አለች ቶሎ። እሷ ምንም ሆና አታውቅም። እናቷም እንዲሁ። ማንም...

እንደ ጉንዳን። ብዙ ጉንዳን። እስከ ክርኔ ድረስ።

ከላይ፣ ሦስት ፎቅ ርቆ፣ የበር መቀርቀሪያ ተወረወረ። እናት ወላቄን ልታጥብ ስትል፣ እንዳያመልጥ ሁልጊዜ የቤቱን በር ትቀረቅራለች።

ሮጠች። ደረጃው አምሳ አራት ነው፤ ሌላ ቀን ብትተርከው አምስት መቶ አርባ ታደርገው ነበር። በሩ ተቀርቅሯል። ከውስጥ የውሃ ድምፅ ይሰማል፤ ውሃ በገንዳ ላይ ሲንፎለፎል።

«ዋጮ አለ! እማዬ፣ ዋጮ!» ወላቄ ይጮኻል።

«ዋጮህን አሳይሃለሁ! ና፣ እጅህን ከውሃው ሥር አድርግ!»

አባዢ በሩን በሁለት እጇ ደበደበችው። «እማዬ! እንዳይነካ! ውሃው ውስጥ መብራት አለ! እማዬ!»

«አንቺ ደግሞ ጨምሪበት!» አለች እናት ከውስጥ። «ልጁን እንዲህ ያስፈራራሽው አንቺው ነሽ! ቆይ፣ እሱን ልጨርስና!»

«እውነቴን ነው!»

ቃሉ ከአፏ ሲወጣ ምን ያህል ያረጀ እንደሆነ ሰማችው። በነብሩም ጊዜ ይሄንኑ ቃል ነበር ያለችው።

ሁለተኛ አልጮኸችም። የለስላሳው ሳጥን ላይ ዘለለች። ከብሬከሮቹ በላይ ጥቁሩ ትልቁ እጀታ አለ፤ የቤቱ ሁሉ ዋና። ላብ ያራሰውን እጇን በቀሚሷ ጠረገችና በሙሉ ክብደቷ ጎተተችው።

ጣ!

በበሩ ሥር ይታይ የነበረው ብርሃን ጠፋ። ውሃው ይፈስሳል። የወላቄ ድምፅ ግን የለም። አባዢ እጀታውን እንደጨበጠች መቁጠር ጀመረች። አንድ። ሁለት። ሦስት። እስከ አሥራ አንድ ብትደርስ ምን እንደምታደርግ አታውቅም።

ስድስት ላይ ወላቄ አለቀሰ። እንደዚያ የሚያምር ልቅሶ ሰምታ አታውቅም።

በሩ ተከፈተ። እናት እጇ አረፋ ሆኖ፣ አንዱን የፕላስቲክ ጫማ አውልቃ ለመምታት አንስታለች። «መብራቱንም አጠፋሽው? ምን አድርጌሽ ነው እንዲህ የምትጫወቺብኝ?»

«ምቺኝ» አለች አባዢ። እጀታውን አጥብቃ ያዘች። «ግን አልለቅም።»

የተነሳው ጫማ አየር ላይ እንዳለ ከደረጃው እንደ ወናፍ የሚተነፍስ ነገር መጣ። ጋሽ ቴስተር ነው፤ በአንድ እጁ ጉልበቱን፣ በሌላው ግድግዳውን ይዞ። ሦስት ፎቅ ወጥቷል። እናት ጫማውን ዝቅ ያደረገችው እሱን ስታይ ነው። አባዢን ባታምንም ያን ጉልበት ታምናለች።

«ልጁን... አውጡት» አለ። ወላቄ ራቁቱን በፎጣ ተጠቅልሎ ወጣ። «አሁን ማንም አይጠጋ። አንቺ፣ መልሺው።»

አባዢ እጀታውን ከፍ አደረገችው። ጋሽ ቴስተር መታጠቢያ ቤት ገብቶ፣ ጎንበስ ብሎ ቴስተሩን በቧንቧው ብረት ላይ አሳረፈ። እጀታው ውስጥ ያለችው ትንሽ አምፖል እንደ ድመት ዓይን ብርቱካንማ ሆና በራች።

ወላቄ «እሱ ነው» አለ በሹክሹክታ።

ዋናው እንደገና ከወረደ በኋላ ጋሽ ቴስተር ማጥፊያውን ፈቶ አየ። «ውስጡ ያለው ማሞቂያ ብረት ተሰንጥቋል፤ መብራቱ ወደ ውሃው ይፈስሳል። ማጥፊያው ደግሞ የተገጠመው በተሳሳተው ሽቦ ላይ ነው። አጠፋነው ብላችሁ ትተኛላችሁ፣ እሱ ግን ቀንም ሌሊትም ይበላል። ማነው የገጠመው?»

«ከሁለት ወር በፊት... አንድ ሰውዬ» አለች እናት። «ሁለት ሱሪ አሳጥሬለት፣ በዚያ ምትክ።» መታጠቢያ ቤቱ ደፍ ላይ ቁጭ አለች። «ግን እኔ በየቀኑ እነካዋለሁ እኮ!»

ጋሽ ቴስተር እግሯን አየ፤ የፕላስቲክ ጫማዋን። የአባዢንም አየ። ከዚያ ሁሉም ወደ ወላቄ እግር አዩ። ባዶ ነው፤ እርጥብ፤ ጣቶቹን አጥፎ ሲሚንቶው ላይ ቆሟል። የእሱ ጫማ ማሰሪያው ከተበጠሰ ወር አልፎታል።

እናት አባዢን ጎትታ ግንባሯን ሳመቻት። አረፋው ዓይኗ ውስጥ ገባ። «እንዴት አወቅሽ? እንዴት አወቅሽ፣ የኔ ልጅ?»

«ቆጣሪው ነው የነገረኝ» አለች አባዢ።

እውነት ነው። በግማሽ ዓይን።

ወሬው ከጭስ ቀድሞ አራተኛ ፎቅ ደረሰ። ከላይ ያለችው ሴትዮ፣ ያችው ሽቦ ታወርዳለች የተባለችው፣ ሙዝ ይዛ መጣች። አባዢ አንዲት ቃል ሳትጨምር ነገሩ በራሱ መባዛት ጀመረ፤ አንደኛ ፎቅ ሲደርስ በሩን በትከሻዋ ሰብራ ገብታ ነበር፤ ምድር ቤት ሲደርስ የተራቆተውን ሽቦ በጥርሷ ነክሳ በጥሳዋለች። ሰው ሁሉ ስለ እሷ ሲዋሽላት ይህ የመጀመሪያው ነው። ደስ ይላል ብላ ታስብ ነበር።

ማሞቂያው ሽቦው ተቆርጦ፣ አፉ በፕላስተር ታሽጎ ቀረ። እናት ውሃ በድስት አሙቃ ወላቄን አጠበችው። ከእራት በፊት፣ አልጋው ላይ እንደ አዲስ ሳሙና እየሸተተ ሲቀመጥ አባዢ አጠገቡ ተቀመጠች።

«ዋጮ ሞተ?»

«ዋጮ የሚባል የለም። እኔ ነኝ የፈጠርኩት።»

«ታዲያ የነከሰኝ ማነው?»

«መብራቱ።»

አሰበ። ምላሱን በወለቁት ጥርሶቹ ቦታ አስገባና አወጣ። «ነግሬሽ ነበር እኮ።»

«ነግረኸኛል።»

«ሦስቴ።»

አባዢ አንዴ ብቻ ነበር የሚመስላት። አሁን ግን ሌሎቹም መጡ። አንዴ እሷ ስልክ ላይ ነበረች፤ «እሺ እሺ» ብላዋለች። አንዴ ደግሞ «ጥርሱን ቁጠርልኝ» ብላ መልሳ ልካዋለች። ልካዋለች።

«ለእማዬ አልነግርብሽም» አለ ወላቄ ብርድ ልብሱን እየጎተተ። «ሰው ሁሉ ጎበዝ እያለሽ ነው።»

ከወዲያ መኪናዋ ትር፣ ትር ትላለች። እናት እያንጎራጎረች ነበር፤ ስትሰፋ ካንጎራጎረች ሁለት ወር ሆኗታል። ከደረጃው «በጥርሷ ነው የምልህ!» የሚል የሰው ድምፅ ይሰማል።

አባዢ ተነስታ ከመኪናዋ አጠገብ ቆመች። ራሷ ውስጥ ታሪኮቹ እንደ ልማዳቸው ተሰለፉ፤ ትንሽ የሚጨምሩ፣ ትንሽ የሚቀንሱ፣ ሁሉም ከእውነቱ ያማሩ። አንዱንም አላነሳችም።

«እማዬ» አለች፤ «መኪናዋን አንዴ አቁሚልኝ።»

እናት ቀና አለች። ፈገግታዋ ገና ፊቷ ላይ ነበር። እግሯን ከፔዳሉ ላይ አነሳች።